ወንፊት የተባለው ካብ

ተረት ተረት፣ የድንጋይና የድንጋይ ተረት።

ከአንድ ማሳ ግርጌ ሲሚንቶ ሳይገባበት የተደረደረ አሮጌ ካብ ነበር። ከእሱ ከፍ ብሎ፣ ከማሳው ራስጌ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ አዲስ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ቁልቁል አይቶ፣ «አንተ ወንፊት፣ ጠብታ እንኳ የማትይዝ፣ ምን ልትረባ ቆመሃል?» አለው።

«ጎርፍ እንግዳ ነው። አፈሩን ትቶልኝ እንዲያልፍ በር እከፍትለታለሁ» አለ ካቡ።

ዝናቡ ግን ጠባዩን ለወጠ፤ የሦስት ወሩን በአንድ ቀን አወረደው። ግንቡ ውሃውን ሁሉ ጀርባው ላይ አቁሮ ሲታገል ከወገቡ ተሰንጥቆ ተናደ። ካቡን አንድ ድንጋይ ብቻ ጎደለው።

በማግስቱ ገበሬው ከግንቡ ፍርስራሽ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ ክፍተቱ አመጣ። ካቡም ድንጋዮቹን «ጠጋ በሉለት» አላቸው።

ድንጋዩ ሲሚንቶ የለበሰ ፊቱን ወደ አፈሩ አዙሮ ገባ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ያን ድንጋይ ግን ፊትህን መልስ አትበሉት።