ማዛጋት የተከለከለበት ጫካ

በዚያ ጫካ የሚዳሰስ ነገር ሁሉ ባለቤት ነበረው። ከታደነው ሁሉ ጭኑ የአንበሳ፣ ጎድኑ የነብር፣ አጥንቱ የጅብ ነበር፤ ሌላው እንስሳ ደግሞ የማመስገን ሙሉ መብት ነበረው። ጅብ ከአጥንቱ ሌላ የግምጃ ቤት ሹመት ስለተሰጠው ሕግ የሚያስከብረው እሱ ነው። ከአፍ ወጥቶ ጆሮ ለሚገባው ግን ሕግ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አልነበረማ።

እንደሚጠቅም ያሳየው አንድ ትንሽ ወፍ ነው። ክረምቱን ሙሉ ንቦች በሰፈሩበት ዛፍ ላይ ተቀምጦ ሲያፏጭ፣ ሲሳሳት፣ ሲነደፍ፣ እንደገና ሲያፏጭ ከርሞ ንብ የሚያስተኛ ፉጨት ሠራ። መንደፊያውን ከላባው ውስጥ የምትለቅምለት ሚስቱ ወፊት ነበረች። ፉጨቱን ያወቀ ሳይነደፍ ማር ይቆርጣል። የፈለገ እየመጣ ይማር ነበር፤ ክፍያውም በየመከሩ ጉንጭ ሙሉ ማሽላ ነው።

ወፉ አንድ ልማድ ነበረው። ፉጨቱ መሃል ላይ፣ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ቦታ፣ ከዚያው ከተማሪው የወሰዳትን አንዲት ነገር ያስገባል። ለከርከሮ ማንኮራፋት፣ ለሚዳቋ ማስነጠስ፣ ለኤሊ ረጅም ዝምታ። ወፊት «ምን ይሠራልሃል?» ስትለው «ለማን እንደሰጠሁ እንዳልረሳ» ይላት ነበር። ንቦቹ ግድ አልነበራቸውም።

ከዚያ ጭልፊት ወሰደው።

ወፊት ከጫጩቶቿ ጋር ቀረች። መከር ሲደርስ ማሽላ ይዞ የመጣው ኤሊ ብቻ ነበር። ሆኖም በየቀትሩ ፉጨቱ ከጫካው ማዕዘን ሁሉ ይሰማታል፤ መንገድ ላይ የምታገኘው ሁሉ አገጩ ማር ነው። «እትዬ ወፊት፣ የባልሽ ፉጨት እኮ ጫካውን አጠገበው!» ይሏታል አገጫቸውን እየላሱ። የእሷ ጫጩቶች ግን አልጠገቡም። በጋው ሳይጠና ማሽላ ካልተገኘ ወደ ቆላ መሰደድ ነው፤ ላባ ያላበቀለ ጫጩት ደግሞ አይሰደድም።

ሸንጎ ፊት ቀርባ አቤት አለች።

ጅብ ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፉጨቱን እንቆልፈዋለን። ከእንግዲህ ማር የሚቆርጥ ሁሉ አስቀድሞ ዋሻዬ መጥቶ ማንነቱ እንዲታወቅ እግሩን ያሳይ። ዛፉ ሥር ሲደርስም ከማፏጨቱ በፊት ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ጮክ ብሎ ይናገር። ሌባ ይህን አይችልም።»

«ሌባ ስሙን መናገር ያቅተዋል?» አለች ወፊት።

«ያፍራል» አለ ጅብ አገጩን እየጠረገ።

ሕጉ ጸደቀ። ያከበረው ኤሊ ብቻ ነው። ዋሻው ድረስ ተጉዞ እግሩን አሳየ። ዛፉ ሥር ቆሞ ስሙን ተናግሮ፣ የአባቱን ጨምሮ፣ የአያቱ ስም ላይ ሲደርስ ንቦቹ ማን እንደሚጮህባቸው ሊያዩ ወጡ። ድንጋይ ልብሱ አዳነው፤ አፍንጫው ግን አልተረፈም።

ጦጣ ከላይ ሆኖ ማሩን እየላሰ፣ «አባ ኤሊ! የከፈሉትም እርስዎ፣ የተነደፉትም እርስዎ! እኔን ያየ አለ? አልከፈልኩ፣ አልተነደፍኩ» አለው።

በሚቀጥለው ሸንጎ ኤሊ አፍንጫው አብጦ ቀረበ። «የሰረቁት እነሱ ናቸው፤ የተቆለፈብኝ ግን እኔ ነኝ» አለ በታፈነ ድምፅ።

አንበሳ ጦጣን አስቀረበ። «የሰረቅኸውን አፏጭ!»

ጦጣ ምንም ሳያፍር አፏጨ። መሃሉ ላይ ሲደርስ አፉን በሰፊው ከፍቶ አዛጋና ቀጠለ። ወፊት ከቅርንጫፏ ጎንበስ አለች። እስከዚያ ቀን የምትሰማው ከሩቅ ነበር፤ ማዛጋት ደግሞ ከሩቅ አይሰማም።

«እስቲ ጉሬዛም ያፏጭ» አለች።

ጉሬዛ አፏጨ፤ መሃሉ ላይ አዛጋ። ቀበሮም አዛጋ። ጃርትም እሾኩን አቁሞ አዛጋ።

«ባሌ ይህን ማዛጋት የሰጠው ለአንድ ተማሪ ብቻ ነው» አለች ወፊት። «ከምሳ በኋላ ነበርና ተማሪው መሃል ላይ አዛጋ። አታዛጋ የሚባል ስላልነበረ ባሌ ማዛጋቱን እዚያው አስገባው። ክፍያም አልጠየቀውም፤ የሚጠየቅ አልነበረም።»

«ማነው እሱ?» አለ ኤሊ፤ ነገር ቶሎ አይገባውም። «ፉጨቱንስ ከእሱ ደጅ ማን አወጣው?»

ጅብ መሬት መሬት አየ። ማዛጋት ይጋባል፤ ያን ሁሉ ሲያይ የቆየው አንበሳ መንጋጋው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በመጨረሻ ያ ትልቅ አፍ እስከ ጉሮሮው ድረስ ተከፈተ። ምላሱ ላይ ማር ነበር። ከዚያ ተዘጋ።



በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ስለ ፉጨት አንድም ቃል የለበትም። «ከዛሬ ጀምሮ በጫካው ውስጥ ማዛጋት ክልክል ነው» ይላል። ጅብም ስለ ራሱ አንገት ብሎ ይህን ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ አጥብቆ አስከበረው።

በዚያው ቀትር ጦጣ ዛፉ ሥር ማፏጨት ጀመረ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ጅብን አየና አፉን ገጠመ። ትንፋሹ አለቀ፤ ንቦቹ ነቁ። ጉሬዛም እንዲሁ፣ ቀበሮም እንዲሁ። ሰርቀው እንጂ ተምረው ስላልያዙት የትኛው ለንቡ፣ የትኛው ለትንፋሽ እንደሆነ አያውቁም፤ መጠገን አቃታቸው። ብዙም ሳይቆይ ያበጠ አፍንጫ ሁሉ ማሽላውን ይዞ ወፊት ዛፍ ሥር ተሰለፈ።

«እትዬ ወፊት፣ እኔ እኮ ድሮም ልመጣ ስል ነበር» አለ ጦጣ።

«አውቃለሁ፤ መንገዱ ላይ ማር እየያዘህ ነው» አለችው።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ጅብ ማሽላ ይዞ መጣ።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ወዳጄ። ተምሬ አደርስለታለሁ።»

«መሃሉ ላይ ምን ላድርግለት?»

«ማዛጋት ብቻ አይሁን እንጂ የፈለግሽውን።»

ወፊት አሰበች። ባሏ ሸንጎ ተቀምጦ ሳቁ ሲመጣበት አፍኖ የሚያሰማት አንዲት ትንሽ ሳል ነበረችው። ከእሷ በቀር የሚያውቃት አልነበረም። ያቺን አስገባችለት።

አሁን ጫጩቶቹ ላባ አብቅለዋል። በየቀትሩ ከአንበሳ ዋሻ በኩል ፉጨት ይሰማል፤ መሃሉ ላይ ያቺ ሳል ትመጣለች። ያኔ ወፊት የያዘችውን ሥራ ትታ፣ ጫጩቶቿን ዝም አሰኝታ ታዳምጣለች።