ዶክተር ይታገሱ የተነተኑት ካርቱን

አንድ ቀን እኛ ደሴ፣ ባህል አዳራሹ ውስጥ፣ ትልቅ ምሁር የካርቱን ፊልም ሊተነትኑ ነው ተብሎ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ። አትሳቁ! ማይክ አዟሪው እኔ ስለነበርኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነኝ። ተንታኙ ዶክተር ይታገሱ ናቸው። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ ካለም ገና አልተፈጠረም።

እኚህ ሰው ሱራፌል የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ሱራፌል ዘርትሁን የምትባል የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ወዶ፣ «ሽማግሌ ይላኩልኝ» ብሎ አባቱን መለመን ከጀመረ መንፈቅ አልፎታል። ዘርትሁን በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት በክራንች ነው የምትሄደው። ዶክተር ይህን እንደሰሙ «ከደሴ ሴት ሁሉ ደህና እግር ያላት ጠፍታ ነው?» ብለው እምቢ አሉ። ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ አይተዋት አያውቁም! ልጁ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ባይ ነው፤ እሷም ያለ ሽማግሌ ከቤቴ አልወጣም ብላለች። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ቆመ። እኔን ሲያበሽቀኝ!

ፊልሙ ታየ። አንድ እግሯ የማይታዘዝላት ልዕልት አለች። የጎረቤት አገር ልዑል ይወዳታል። የልዑሉ አባት፣ ንጉሡ፣ «አንካሳ ምራት ቤቴ አትገባም!» ይላል። በመጨረሻ ልቡ ይመለስና ሠርግ ይሆናል፤ ልዕልቲቱም ምርኩዟን እንደያዘች ትጨፍራለች።

ዶክተር ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! ይህች ልዕልት ማን ናት? አካል ጉዳተኛዋ እህታችን ናት! ምን ጎደላት? ምንም! ጎዶሎው ንጉሡ ነው! የሷ እግሯ ቢያነክስ፣ የሱ ጭንቅላቱ ነው የሚያነክሰው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እንባውን የጠረገም ነበር። እኔማ ማይኩን ነቅዬ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ጥያቄ ያለው ሲባል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ሳያት ዘርትሁን! ክራንቿን ወንበሩ ሥር አስገብታዋለች። ማይኩን ሰጠኋት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ያ ሁሉ እምቢ ያለ ንጉሥ ልቡ እንዴት ተመለሰ?»

«ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ብልህ ጥያቄ ነው! የማን ልጅ ነሽ አንቺ፣ ተባረኪ! አየሽ ልጄ፣ ንጉሡ ልጅቷን አይቷት አያውቅም ነበር። ወሬዋን ብቻ ነው የሰማው። ካያትና ካነጋገራት በኋላ ግን አፈረ። በነጋታው ሽማግሌ ላከ።»

«በነጋታው?»

«በነጋታው እንጂ! ለደግ ነገር ምን ቀጠሮ ያስፈልገዋል?» ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ።

«እርስዎ ንጉሡን ቢሆኑስ?»

«እኔማ እስኪነጋም አልጠብቅ!» አሉ ደረታቸውን እየመቱ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጎንበስ ብላ ክራንቿን አነሳችና ቀስ ብላ ቆመች። «እኔ ዘርትሁን ነኝ፣ የሱራፌል ዘርትሁን። አይተውኛል፣ አነጋግረውኛል፣ ‹ተባረኪ› ብለው መርቀውኛል። ነገ እሁድ ነው፤ አባቴ ከቤት አይወጣም።»

ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሡና «በሉ ዶክተር፣ አንዱ ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ሁለት ይጨምሩልኝ» አሉ።