ለቁልቁለት የሚተው ባዶ ቦታ

አንድ ሰው ነበረ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ኃይሉን እንዴት እንደሚቆጥብ ሲመራመር ዐሥራ አንድ ዓመት የፈጀ። ዶክተር ነው፤ ደግሞም ደግ ሰው። ክፉ መስሏችሁ እንዳትፈርዱበት!

ይህ ሰው አንዲት ሚኒባስ ሠራ። ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ራሱ ይዞ ያዘገያታል፤ በማዘግየቱ ያገኘውን ኃይል ደግሞ መልሶ ባትሪው ውስጥ ያጠራቅመዋል። አይገርምም ወገኖቼ? መውረዱ ራሱ ስንቅ ይሆናል!

ግን ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ፣ የሚመለሰው ኃይል የት ይግባ? ቦታ የለማ! ሞተሩም መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ዶክተሩ፣ ከቁልቁለት በፊት ባትሪው ከዘጠና በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚከለክል ትእዛዝ በመኪናዋ ኮምፒውተር ላይ ጻፈ። ማን ጻፈው? እሱ ራሱ!

ሥራውን የሚያዩ ሰባት እንግዶች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ከጣርማ በር አናት ወደ ደብረ ሲና ሊወርዱ ነው። ዶክተሩ ስክሪኑን አየ፤ ዘጠና ይላል። በእንግዳ ፊት ዘጠና! አፈረ። ትእዛዙን አጠፋና መቶ እስኪል ሞላው።

የሙከራ መኪና ሲነዱ ያረጁት ሾፌር፣ ጋሽ ወልደሰንበት፣ አጠገቡ ነበሩ። "ኧረ ይተዉ ዶክተር፤ ይህን ቁልቁለት እኔ አውቀዋለሁ" አሉት።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ሙሉ ሆና ትታይልኝ" አለና መሪውን ራሱ ያዘ።

ከሁለተኛው ኩርባ በኋላ እግሩን ከፍጥነት መርገጫው አነሣ። ሞተሩ አልያዛትም! ፍሬን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። አምስተኛው ኩርባ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተ፤ ፍሬኑም እግሩ ሥር እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ከኋላው ሰባት ነፍስ፣ ከፊቱ ገደል!

"ጋሼ! እምቢ አለችኝ!"

"ወደ ተራራው! ወደ ተራራው አዙራት አንተ ልጅ!" ጋሽ ወልደሰንበት አንቱታውን ረሱት። መሪውን አብረውት ጠመዘዙ፤ የእጅ ፍሬኑን ጎተቱ። ሚኒባሷ ድንጋዩን እየፋቀች ሄዳ ቦዩ ውስጥ ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልሞተም።

ዶክተሩ ግን መሪውን መልቀቅ አቃተው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቁለት ሽማግሌው ናቸው። ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። አሁንም መቶ ይላል።

"እኔ እኮ ነኝ ትእዛዙን የጻፍኩት" አለ። "እኔው ነኝ ጋሼ!"

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ እኔም ደነገጥኩ። ስለ ትሕትና ስንት ጊዜ ሰበክሁ? በገዛ አፌ! ባለቤቴ "ተሳስተሃል" ስትለኝ ግን ማን ይስማት? መቶ ነኛ!

እናንተስ? ልጆቻችሁን "ምክር ስሙ" ትላላችሁ። ለእናንተ ምክር ሲመጣ የት ታስገቡታላችሁ? አምላክ ጸጋውን ይዞ ሲመጣ የት ያስቀምጠው? ዳገቱን በጉልበታችን ወጣነው እንበል። ሕመም ሲመጣ፣ ሐዘን ሲመጣ፣ የወጣነውን ስንወርድ ማን ይያዘን? ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው እስኪመክረን ለምን እንጠብቃለን?

"ኧረ ተው" ሲላችሁ የከረመ ሰው አለ። ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጧል። ዞር ብላችሁ እዩት። ቁልቁለቱ ገና አልተጀመረም።