ገመዱ «አለሁ» ሲል

አንድ ሰው ነበረ። ሐይቅ ውስጥ እየጠለቀ የሰጠመ መረብ የሚያወጣ። አንቺ ትርሲት፣ አትሳቂ! «መጥለቅ ከተካንኩ በኋላ አብራኝ የምትጠልቀው ጓደኛዬ በየደቂቃው ደህና ነሽ ወይ እያለች ለምን ትነዘንዘኛለች?» ያልሽውን ነው የምመልስልሽ። እኔ አክስትሽ ውሃ ጉልበቴን ካለፈ ሰፈር በጩኸት የምቀውጥ ሴት ነኝ፤ ይህችን ግን አውቃለሁ።

ሰውየው የአየር ጠርሙሱን ያዝላል፣ ገመድ ወገቡ ላይ ያስራል፣ ይወርዳል። ጫፉን ጀልባ ላይ ያለው ባልንጀራው ይይዛል። ደንባቸው እንዲህ ነው፦ ከላይ ሲሳብ «አለህ?»፣ ከታች መልሶ ሲሳብ «አለሁ»። መልስ ከጠፋ ጎትቶ ማውጣት ነው።

ጎበዝ ነበር፤ ጉብዝናው ግን ልቡን አሳበጠው።

«እንደ ፍየል አስረህ ትጎትተኛለህ!» ይለዋል ባልንጀራውን።

«ፍየልማ ስትጠፋ ትጮሃለች። አንተ ውሃ ውስጥ በምን አፍህ ልትጮህ ነው?» ይለዋል ያኛው።

አንድ ቀን መረቡ ገመዱ ከሚደርስበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ታየው። እዚያ ታች ውሃ የዋጠው ዛፍ ቆሟል፤ ቅጠል የለው፣ ወፍ የለው። ሰውየው ገመዱን ከወገቡ ፈታና ቅርንጫፉ ላይ አሰረው። አሁን እመለሳለሁ ብሎ ወረደ።

ባልንጀራው ሳበ። ቅርንጫፉ ጎበጥ አለና መልሶ ሳበ። «አለሁ።»

ቆይቶ ሳበ። «አለሁ።»

የጠርሙሱ አየር የሚያልቅበት ሰዓት ደረሰ። ከታች ሲወጣ የነበረው አረፋ ቀረ፤ ውሃው ጸጥ አለ። የባልንጀራው ፊት አመድ መሰለ። ሳበ። «አለሁ» አለ ገመዱ። በሁለት እጁ ቢጎትት አልወጣ አለው፤ ሲያላላው ደግሞ ያ ነገር ከታች ይስበዋል።

ሌላ ጠላቂ ወርዶ አየ። ቋጠሮው እንዴት ያምራል! ሰውየው ከዛፉ ሥር፣ መረቡን ታቅፎ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ እንደዘረጋ ተገኘ። መረቡን ሲነቅል ጭቃው ተነሥቶ ገመዱን ጋርዶበት ኖሯል። ከጣቱ እስከ ገመዱ አንድ ክንድ አይሞላም። ሬሳው ከወጣ በኋላ እንኳ፣ ጀልባው በተናወጠ ቁጥር ገመዱ «አለሁ፣ አለሁ» ይል ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ሐይቁ ያው ያንቺ ባሕር ነው፤ ገመዱም የጓደኛሽ ንዝንዝ። ጉብዝናሽን ማን ካደ? ጭቃው ሲነሣ ግን ጎበዝና ሰነፍ አይለይም። «አለሽ?» ስትልሽ በገዛ እጅሽ መልሺላት። በይ፣ ውሃ ውስጥ «ደህና ነኝ» የምትሉት በጣት እንዴት ነው? አሳዪኝ እስቲ። እንደሱ! ይቺን ጣት ለዛፍ እንዳታውሺ።