የውሃዋ ብልቃጥ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ዝንብ መልቀም ነበር።

አትሳቁ። "ዛሬ ደግሞ ስለ ዝንብ ሊሰብከን ነው" ብላችሁ ከወዲሁ ፊታችሁን አታኮማትሩብኝ። ይህቺ ሴት ዶክተር ናት። ሞለኪውላር ባዮሎጂ የሚባለውን፣ በዓይን የማይታየውን የፍጥረትን ውስጥ የሚመረምረውን ትምህርት፣ እስከ ጫፉ ድረስ ተምራለች። ከተማ ውስጥ ጥሩ ወንበር እየጠበቃት "እኔ የምሠራው ከብት በሚገድለው ዝንብ ላይ ነው" ብላ ቆላ ወረደች። እናቷ ጎረቤት "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ሲላት "ዶክተር ናት" ትላለች። የምን ዶክተር ብለው ሳይጠይቋት ቶሎ ወሬ ትለውጣለች።

የምን ዝንብ መሰላችሁ? የገንዲ ዝንብ። ከመካከላችሁ ከቆላ የመጣችሁ ገንዲን ታውቁታላችሁ። ዝንቡ በሬውን ይነክሰዋል። በሬው ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ሴትየዋ የምትሠራበት ሸለቆ በዚህ ዝንብ የተነሳ ከብት አልባ ሆኖ ነበር። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ወንዙ አይደርቅም፣ ግን የሚያርስ በሬ የለም። ግማሹ ሰው ወደ ደጋው ሸሽቶ በጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቆ ከገዛ ወንድሙ ጋር በድንበር ይጣላል። የቀረው በዶማ ይቆፍራል።

ከዚያ ፕሮጀክት መጣ። በየወንዙ ዳር ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የለበሱ ወጥመዶች ተተከሉ። ጨርቁን የሚሰፉት የሸለቆው ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ዝንቡ ቀነሰ። በጣም ቀነሰ። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። ሰዉ በሬውን ይዞ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

ይህ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። ከጋራው ማዶ ሌላ ሸለቆ አለ። እዚያ ዝንቡ እንደ ድሮው ሞልቷል። የማዶው ዝንብ ጋራውን እየተሻገረ የሚመጣ ከሆነ ይህን ሁሉ የደከሙት በከንቱ ነው፤ ሰዉ በሬውን ባወረደ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሬ አልባ ይሆናል። የማይሻገር ከሆነ ግን ሸለቆው ድኗል። ማን ይወቀው? ዝንብን ቁጭ አድርጋችሁ "አንተ፣ አገርህ የት ነው?" አትሉትም። የሴትየዋ ሥራ ግን ልክ ይኸው ነበር። ከዲኤንኤው የዝንቡን ዘር ማንዘር ታነባለች።

እንዴት? ከእያንዳንዱ ዝንብ አንድ እግር ትነቅላለች። ትፈጨዋለች። ዲኤንኤውን ታወጣለች። እሱም ከማነሱ የተነሳ አይታይም፤ ስለዚህ ጥቂቱን እያባዛ እልፍ የሚያደርግ ማሽን ውስጥ ታስገባዋለች። እናቶች፣ እርሾን አስቡ። ትንሿ ሊጡን ሁሉ ታቦካው የለም? እንደዚያ ነው። በመጨረሻ በልዩ ብርሃን ስታየው ዲኤንኤው እንደ መስመር ሆኖ ይታያል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ብልቃጦቿን በደረደረች ቁጥር መጨረሻ ላይ አንዲት ብልቃጥ ትጨምራለች። በዚያች ብልቃጥ ዝንብ የለም። እግር የለም። ውሃ ብቻ ነው። በሌሎቹ ላይ የምታደርገውን ሁሉ በእሷም ላይ ታደርጋለች፤ ያው ፈሳሽ፣ ያው ማሽን፣ ያው ብርሃን። ከዚያ ታያታለች። ምን መታየት አለበት? ምንም! እርሾ ያልነካው ሊጥ ገና ዞር ሳትሉ ቢቦካባችሁ ምን ትላላችሁ? "ቡሃቃው አልታጠበም" ትላላችሁ። ውሃዋም ላይ መስመር ከታየ የሆነ ቦታ የሌላ ዝንብ ፍንጣቂ ገብቷል ማለት ነው። የዚያን ቀን ሥራ በሙሉ አይታመንም።

እንግዲህ ሥራው አለቀ። ዓመታት ፈጅቶ አለቀ። ውጤቱም ደስ የሚል ሆነ፤ የሁለቱ ሸለቆ ዝንቦች አይገናኙም! አለቃዋ ዶክተር ምናሴ ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ጉልበቱን በዚህ ዝንብ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። ወደ ሸለቆው የምሥራች ተላከ። ሰዉ ዘር መምረጥ ጀመረ። አቶ አንጁሎ የሚባሉ ሽማግሌ ደጋ ዘመዳቸው ዘንድ ያቆዩአቸውን ጥንድ በሬዎች ሊያወርዱ ተዘጋጁ።

ሴትየዋ ለሪፖርቱ የምታስገባው ጥርት ያለ ፎቶ ፈልጋ የመጨረሻዎቹን ብልቃጦች አንድ ጊዜ ደግማ ሠራች። የውሃዋ ቦታ ላይ ቀጭን መስመር አየች።

ደገመችው። ደግሞም ወጣ። የድሮዎቹን ፎቶዎች አውጥታ አጉልታ አየቻቸው። እዚያም በአንዳንዶቹ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር አለ። ያኔ አላየችውም፤ ደስ ያለው ሰው ብዙ ነገር አያይም። የሸለቆው ዝንብ ፍንጣቂ ስትጠቀምበት በነበረው ፈሳሽ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ከማዶ የመጣ እንግዳ ዝንብ በወጥመድ ተይዞ ቢሆን እንኳ ፍንጣቂው ሸፍኖት የዚሁ አገር ዝንብ ሊመስል ይችላል። ይችላል ነው ያልኩት። ላይሆንም ይችላል። አላወቀችም።

ፎቶውን ይዛ ዶክተር ምናሴ ዘንድ ገባች።

"ይህቺን ጭላንጭል ነው?" አለ ወደ መስኮቱ ዘርግቶ እያየ።

"እሷን ነው ዶክተር።"

"ስሚኝ እህቴ። የሌሎቹ መስመር እንደ ምሰሶ ቆሟል። የውሃዋን ከጎን ቁረጫትና ፎቶውን አስገቢው። ማንም አይጠይቅሽም። ዝናብ ሊገባ ነው፣ ሰዉ ደግሞ እየራበው ነው። ይረስ እንጂ!"

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ለሹመቱ ብሎ አይደለም የተናገረው። የሰዉ ረሃብ አንጀቱን በልቶት ነው። ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። ጠማማ ምክር ሁልጊዜ ከጠማማ ሰው ቢመጣ ኖሮ ማን ይቸገር ነበር?

"በሬዎቹ ቢሞቱስ?" አለች።

"ባይሞቱስ?"

"አላውቅም። አላውቅም እኮ ነው የምልዎት! ያላወቅሁትን አውቃለሁ ብዬ አልፈርምም።"

"እንግዲያው ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸዋ!"

ሄደች።

የወጥመዱ ጨርቅ በሚሰፋበት ዳስ ውስጥ ሰዉ ተሰብስቦ ጠበቃት። አቶ አንጁሎ ከፊት ተቀምጠዋል። "ደህና መጣሽ ልጄ። መቼ እንውረድ?" አሏት።

"አባቴ፣ አትውረዱ። ሥራዬ ላይ ስሕተት አግኝቻለሁ። ዝንቡ ይሻገር አይሻገር ገና አላወቅሁም።"

ቀጥሎ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ሁሉም ባንድ ጊዜ ተናገረ። አቶ አንጁሎ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

"ወጥመዱን የሰፋን እኛ፣ ዝንቡን የለቀምንልሽ እኛ። አወቅሁ ብለሽ ላክሽብን። ዛሬ አላወቅሁም ትያለሽ። ነገስ ምን ልትይ ነው?"

"ነገ ያገኘሁትን።"

"ልጆቼ ዶማ ላይ ጎብጠው ቀሩ። ይህን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ አባቴ።"

"እያወቅሽ ነው ታዲያ አትውረዱ የምትይን?"

"እያወቅሁ ነው።"

ሽማግሌው ብድግ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወጡ። ሌላውም ተከትሏቸው ወጣ። በዚያ ሙቀት ውሃ እንኳ ጠጪ ያላት አልነበረም።

ቤተ ሙከራዋ ተመልሳ ፈሳሹን ሁሉ ደፋች። ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል በበረኪና አጠበች። ዝንቦቹስ? አልኮል ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው። ዝንብ ስድስት እግር አለው፤ እሷ የወሰደችው አንዱን ነው። "አምስት ቀርቶልኛል" አለችና ከመጀመሪያው ዝንብ ጀመረች። ሥራዋን ስትጨርስ ከሁሉ በፊት የምታየው ውሃዋን ሆነ። መስመር ካየችባት የቀኑን ድካም ሳትሳሳ ደፍታ ወደ እጥበቷ ትመለሳለች። ክረምቱ ገባ። ክረምቱ ወጣ። ያን ዓመት አቶ አንጁሎ በዶማ ቆፈሩ።

ውጤቱ ምን ሆነ? እናንተ የምትጠብቁትን አውቃለሁ። "ለካስ ዝንቡ ይሻገር ኖሯል፤ ሴትየዋ በሬዎቹን ከሞት አዳነቻቸው" እንድላችሁ ነው። አልላችሁም! ውጤቱ ያው የፊተኛው ሆነ። ዝንቦቹ አይገናኙም። ፍንጣቂው ምንም አላበላሸም ነበር። አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ፣ ሰዉ ተራበ፣ ዶክተር ምናሴም "አላልኩሽም?" አላት።

ታዲያ ሞኝ ነበረች? በሉ መልሱልኝ። ሞኝ ነበረች?

ወደዚያው ዳስ ተመልሳ ሄደች። "አባቴ፣ አሁን አወቅሁ። ውረዱ" አለች። ውጤቱ እንደ ፊተኛው መሆኑንም አልደበቀችም።

"አምና ብንወርድም ደህና ነበርና?" አሉ አቶ አንጁሎ።

"ደህና ነበራችሁ። ያኔ ግን አላወቅሁም ነበር።"

"ተቆጥቼብሻለሁ" አሏት ሽማግሌው። "አሁንም ንዴቱ አልበረደልኝም። ነገር ግን ስንቱ እዚህ ዳስ ውስጥ ቆሞ አውቃለሁ ብሎናል መሰለሽ። የተሳሳተ ቀን ተመልሶ የመጣ አንድም ሰው አላየንም። አንቺ መጣሽ። አምና ወርጄ ቢሆን በሬዬ ባነጠሰ ቁጥር ስባንን ነበር የማድረው።" ከዚያ ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። "ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ደጋ ውጡና በሬዎቹን አምጡ እንጂ!"

እሳቸው ሲወርዱ ሸለቆው ተከተላቸው። ከዚያ በፊት በየጊዜው እየመጣ "ዝንቡ ጠፍቷል፣ ግቡ" ያለውን ማንም አልሰማውም ነበር። እሷን ሰሟት።

ወገኖቼ፣ ይህቺ ሴት ልክ የሆነችው ውጤቱ የወጣ ዕለት አይደለም። ዶክተር ምናሴ ፊት ቆማ "አላውቅም" ያለች ዕለት ነው። ልክነቷን ውጤቱ አልጨመረላትም፣ አልቀነሰባትምም። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ዋሽተን ነገሩ ደህና ከተጠናቀቀ "እግዚአብሔር ረዳኝ" እንላለን! ነገሩ ስለተሳካ ውሸቱ የተባረከ ይመስለናል።

እስቲ የእናንተ የውሃ ብልቃጥ የት እንዳለች ልጠይቃችሁ። ማንም ምንም ባልጨመረበት ጊዜ ከእናንተ ምን ይወጣል? "ሚስቴ ናት የምታናድደኝ" የምትል አለህ። እሺ ይሁንልህ። ሚስትህ ገበያ ሄዳ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሆነው፣ ብቻህን ወንበር ላይ ተቀምጠህ ጥርስህን የምታፋጨው ማን አናድዶህ ነው? "ጎረቤቶቼ ምቀኞች ናቸው" የምትይ አለሽ። ሰፈር ቀየርሽ፤ አዲሶቹም ምቀኞች ሆኑ። ደግመሽ ቀየርሽ፤ እነዚያም ያው። እህቴ፣ ቡሃቃሽን እይው! ሰውን ከመመርመራችን በፊት ምንም ያልተነካውን ቦታችንን እንይ።

አይተን ደግሞ ከጎን ቆርጠን አንጣል። እዚህ ስንመጣ የምናሳያየው ፎቶ እንዴት ያምራል! ነጭ ለብሰናል፣ ዘምረናል፣ ተቃቅፈናል። እግዚአብሔር ግን የሚያየው ያልተቆረጠውን ነው። የማይታመን ነገር ሲያገኝብንም አይጥለንም። እጠቡና እንደገና ጀምሩ ነው የሚለን።

አሁን ላስጨንቃችሁ ነው። ከመካከላችሁ ያላጣራውን ነገር "በደንብ አውቃለሁ" ያለ ሰው አለ። የሰው ስም አንስቶ ትዳር ያናጋ አለ። "ይህን መሬት አባታችን በአፉ ለእኔ ሰጥቶኛል፣ አስታውሳለሁ" ብሎ ወንድሙን ያስወጣ አለ፤ እንደማያስታውስ ግን ልቡ ያውቃል። ሂድና "እርግጠኛ አልነበርኩም" በለው። "ተጣርቶ እኔ ልክ ሆኜ ብገኝስ?" ትለኛለህ። ብትገኝም ሂድ! ፊትህ ያፍራል፤ ይፈር። ይቆጡሃል፤ ይቆጡ። ጀርባቸውን ይሰጡህ ይሆናል፤ እስኪመለሱ ድረስ ሥራህን ሥራ።

አንገታችሁን አትነቅንቁልኝ፤ እኔ ነቅናቂ አልጎደለኝም። ዛሬ የመዝጊያውን ጸሎት አሳጥረዋለሁ። የምትሄዱበት ሰው ቤት ሳይመሽ ድረሱ።