አያ ጅቦ ከጨረቃ ያነሣው ጭነት

አንድ ጊዜ አህያ፣ ቀበሮና ጅብ ወደ ጨረቃ ለመሄድ በንጉሥ አንበሳ ፊት ለምክር ተቀመጡ። ተጓዦቹ ሦስት ነበሩ፤ አራት ናቸው የሚል ካለ ተሳስቷል። ጨረቃን የረገጡትም ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ይህን ሳታዛንፉ ያዙልኝ።

ጅብ ጨረቃ ጮማ እንደሆነች ከልጅነቱ ጀምሮ ያምን ነበርና ቀድሞ ተነሣ።

«አንድ ግዙፍ መንኮራኩር ይሠራ! ስንቃችንን ሁሉ ይዞ ቀጥ ብሎ ይረፍ፤ ጮማውን ጭኖ ቀጥ ብሎ ይመለስ!»

«አያ ጅቦ፣ ያን የሚያህል ነገር ከዚያ ለማስነሣት ነዳጁ ራሱ ተራራ ያህላል» አለች ቀበሮ።

«ከፋፍለን አውጥተን፣ ምድርን እየዞርን ብንገጣጥመውስ?» አለ አህያ።

«ያም ቢሆን የሚያርፈው ያው ግዙፉ ነው» አለች ቀበሮ። « ይልቅ ትልቁ መንኮራኩር ከመመለሻ ስንቃችን ጋር ጨረቃን እየዞረ ይጠብቀን። እኛ በሌላ ትንሽ መንኮራኩር ወርደን፣ ተመልሰን እንገናኘው።»

የአህያ ጆሮዎች ቀጥ ብለው ቀሩ። በዘሩ ጭነትን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ታላቅ ነውር ነበር።

«እመት ቀበሮ! ቤትን ሰማይ ላይ ትቶ መውረድ? ብንተላለፍስ?»

«ከተላለፍን እንሞታለን። ስለዚህ የማይሰለች ይጠብቀን፤ እርስዎ ይጠብቁን፣ ጋሽ አህያ።»

አንበሳም በቀበሮ ምክር ፈረደ።

አህያ ብቻውን ጨረቃን ሲዞር ሁለቱ ከታች አረፉ። ቀበሮ አካባቢውን ቃኝታ ስትመለስ፣ ጅብ ትንሿን መንኮራኩር እስከ አፍ ገደፏ በድንጋይ ሞልቷት አገኘችው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ጮማ ነዋ!»

«እስቲ ንከሰው!»

ነከሰው፤ ጥርሱ ተሰበረ። «ብርድ አድርቆት ነው፤ መንገድ ላይ ይለሰልሳል» አለ።

አላራግፍም ስላለ ከነድንጋዩ ሊነሡ ሞከሩ። መንኮራኩሯ እሳት ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ግን ንቅንቅ አላለችም። ነዳጇም ሊያልቅ ተቃረበ። አህያ ይህን ሁሉ በራዲዮ ሲሰማ ክው አለ። በዕድሜው ተናግሮት የማያውቀው ቃል ከአፉ አመለጠው፦

«ጣሉት! ጭነቱን ጣሉት!»

ቀበሮ ድንጋዩን እያነሣች ወረወረች። ጅብ ግን ትልቁን ድንጋይ አቅፎ ዘሎ ወረደ።

«እናንተ ሂዱ! እኔ ከጮማዬ አልለይም!»

መንኮራኩሯ በቀረችው ነዳጅ ተነሣች። አህያ በሩን ሲከፍት የገባችው ቀበሮ ብቻ ነበረች።

«አያ ጅቦስ?»

ቀበሮ ወደ ታች ጠቆመችው። አህያ በመስኮቱ ቁልቁል ቢያይ፣ ጅብ ተቀምጦ ይልሳል። ያቀፈው ድንጋይ መሆኑን አልቀበልም እንዳለ እዚያው ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሰላም መመለስ የሚሻ ሁሉ ምን እንደሚያነሣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚጥልም አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት ነው።