አህያ አላጠጣም ያለችው ቃሪያ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ አፋቸው በተሰበረ ገንቦዎች ውስጥ አፈር ሞልታ በደጃፏ ቃሪያ ታበቅል ነበር። አንበሳ ሥጋ ያለ ቃሪያ አልወርድ ስላለው፣ ቃሪያው እስካፈራ ድረስ አህያዋን ማንም እንዳይነካት አዘዘ። ቃሪያው ከጠፋ ግን ሥጋዋ የጅብ ነው። ጅብም ያን ቀን እያሰበ ምራቁን ሲውጥ ይውላል።

እመት ቀበሮ መከረችው። ውሃ የበዛበት ቃሪያ ሥሩ ይበሰብሳልና፣ ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር አጠጪ በላት አለችው። ለምክሯ የአህያዋን ጭን እንዲያስቀርላት ማሳሰብም አልረሳችም።

ጅብ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ቅጠሉ ሁሉ ጠውልጎ ተንጠልጥሏል።

«አጠጪ እንጂ፣ አንቺ ጨካኝ። በንጉሡ ስም ነው የማዝሽ።»

አህያ የገንቦውን ጆሮ ነክሳ ከፍ አደረገችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አላጠጣም፤ ገና ከባድ ነው። ውሃው ከሥሩ አለ።»

«ቅጠሉ እየሞተ?»

«አያ ጅቦ፣ አንተስ በቀትር ምላስህን አውጥተህ ጥላ ሥር ትዘረጋ የለ? ሞተ ብለን ቀበርንህ እንዴ?»

ጅብ ሮጦ ከሰሳት። አንበሳ መጥቶ የጠወለገውን ቅጠል ሲያይ ተቆጣ። አሁኑኑ በፊቴ አጠጪ፣ አለዚያ ለጅብ እሰጥሻለሁ አላት። ጅብ ከወዲሁ የኋላ እግሯን ያሸታል።

አህያ ግን ቃሏን አላጠፈችም።

«ጌታዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የእናንተን ሸክም ተሸክሜአለሁ። ከባዱን ከቀላሉ ለመለየት የማንም ትእዛዝ አያሻኝም። እኔን ማስበላት ይችላሉ፤ ቃሪያውን በትእዛዝ ማስጠማት ግን አይችሉም። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ይቀመጡና ይዩ።»

አንበሳ እስካሁን እንዲህ የተናገረው ማንም ስላልነበረ ግራ ገብቶት ተቀመጠ። ፀሐይዋ በረደች፣ ነፋስ መጣ፣ ቅጠሉም አንድ በአንድ ቀና አለ።

ጅብ ተስፋው ሲቆረጥ አፉን መያዝ አቃተው። ቀበሮ እኮ ብታጠጣው ይበሰብስና አህያዋ ትደርስሃለች ብላኝ ነበር ብሎ አለቀሰ። አንበሳ ሲያገሳበት ጅራቱን ቆልፎ ሸሸ፤ ከዳር ሆና ታይ የነበረችው ቀበሮ ቀድማው ሄዳለች።

አንበሳ ይቅርታ አልጠየቀም። ከነገ ጀምሮ ግን መቼ እንደምታጠጪ እኔ ራሴ አሳውቅሻለሁ አላት።

አህያም፣ «አይድከሙ» አለችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥሩን ሳይነካ ቅጠል አይቶ ለሚያዝ ጌታ እሺ ያለ፣ የገዛ ጓሮውን በገዛ እጁ እንደሚያበሰብስ ነው።